ሳይጻፍ የታየ ልጅ

በዚያ ጤና ጣቢያ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለችውን ካርድ አውጪ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሁሉም «እትዬ ቁጥር» ይላታል። ስሙ ዝም ብሎ አልወጣላትም። ሌላው ሰው ሰውን በመልኩ ወይም በአባቱ ስም ያስታውሳል፤ እሷ የምታስታውሰው በካርድ ቁጥሩ ነው። መንገድ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ካገኘች፣ «አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት! ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ?» ትላለች። አንድ ጊዜ ሠርግ ተጠርታ ሄዳ ሙሽራውን ትክ ብላ ካየችው በኋላ፣ «አንተ እኮ ስድስት መቶ ሁለት ነህ፣ ያ ወስፋት አስቸግሮህ የነበረው» ብላ እንግዳውን ሁሉ በሳቅ ፈጀችው። ሙሽሪት ግን አልሳቀችም።

ካርድ ክፍሉ ጠባብ ነው። ሦስቱ ግድግዳዎች እስከ ጣራው ድረስ መደርደሪያ ናቸው፤ አራተኛው ላይ ለፊትና ለእጅ ብቻ የምትበቃ መስኮት አለች። መስኮቷ ጠርዝ ላይ በክር የታሰረ እስክሪብቶ፣ ከጎኑ ትልቁ መዝገብ፣ ከኋላዋ ደግሞ ባለ አራት እርከን የእንጨት መሰላል። የወረቀቱ አቧራ አፍንጫዋን ስለሚበላት ቀን ሙሉ ታስነጥሳለች፤ ወረፋ የያዙት ሴቶች «ይማርሽ» ማለት ሰልችቷቸው ትተውታል። በዚያች ክፍል ሕጉ አንድ ነው፤ ካርዱ ያልወጣለት ሰው ሐኪም ፊት አይቀርብም። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ራሱ አንድ ቀን ጉንጩ አብጦ ጥርሱን ይዞ ሲመጣ፣ «መጀመሪያ ካርድ» ብላ ሰው ሁሉ እያየው አሰልፋዋለች።

«ካርድ ካልወጣልህ አልመጣህም ማለት ነው» ትል ነበር። «ነገ አንድ ነገር ብትሆን እዚህ መጥቶ ነበር ብሎ የሚመሰክርልህ የለም።» ይህን የምትለው እየሳቀች ነው።

ከዚህ ሕግ የሚያመልጥ አንድ ወገን ብቻ ነበር፤ የሠራተኛ ልጅ። የሲስተሮቹ፣ የዘበኛው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ሲታመም ወረፋ አይዝም፤ ካርድም አይወጣለትም። ወላጁ እጁን ይዞ በጎን በር ይገባና በሁለት በሽተኛ መካከል፣ «ዶክተር፣ ይችን ልጅ አንድ ጊዜ ይዩልኝ» ይላል። ሐኪሙም ቆሞ ያያል፤ ልጁም ቆሞ ይታያል። ነገሩን ማን እንዳመጣው ባይታወቅም ሁሉም እንደ ትልቅ ወግ ያየው ነበር። ሠራተኛ ሆኖ ልጁን ኮሪደር ላይ ያስጠበቀ ሰው ካለ፣ ከሰው ጋር የማይግባባ ነው ተብሎ ይታማል።

የሕፃናት ሐኪሙም ሌላ ስም ነበራቸው፤ «ዶክተር አይዞን»። ልጅ ሲያለቅስ አይዞን፣ እናት ስትርበተበት አይዞን፣ መርፌ ሊወጉ ሲሉ አይዞን። ጸጉራቸው ሸብቷል፣ ትከሻቸው ጎበጥ ብሏል፣ በቀን ሃምሳ ስልሳ ልጅ ያያሉ፤ ግን ፊታቸውን አጥቁረው ያየ እናት የለም። እትዬ ቁጥር እንደ ወንድም ነበር የምትወዳቸው። ጠዋት ጠዋት የካርዱን ክምር ጠረጴዛቸው ላይ ስታስቀምጥ፣ «እንደምን አደርሽ እህቴ፣ ዛሬም ልትገድይኝ ነው?» ይሏታል። እሷም «ገና ግማሹ ነው» ብላ ትወጣለች። ይህ ቀልድ ሃያ ዓመት ሙሉ አልሰለቻቸውም።

እትዬ ቁጥር የወለደችው ሁለት ነው። ትልቋ አግብታ ሌላ ከተማ ትኖራለች። ትንሹን ማሙሽ ይሉታል፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶት፣ ድምፁ እየጎረነነም ማሙሽ ነበር። «እማዬ፣ ሰው ፊት ማሙሽ አትበይኝ» እያለ ቢነጫነጭ የሚሰማው አላገኘም። አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ በሳምንት ሁለት ቀን ነው ቤት የሚያድረው። ስለዚህ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቀጥታ ወደ ካርድ ክፍል ይመጣና መሰላሉ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ይሠራል። ዝምተኛ ነው። ሲስተሮቹ «ምነው እንዲህ የታረመ ልጅ በሰጠን» እያሉ ይቀኑባት ነበር፤ እሷም በዝምታው ትኮራበት ነበር።

በዚያ ዓመት ሆዱን ያመው ጀመር። ጠዋት ጠዋት ነው የሚብስበት፤ አንዳንዴም ልክ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ። እሷም እጁን ይዛ በጎን በር ታስገባዋለች። በሩ ላይ ቆማ አንድ ዓይኗን ወደ መስኮቷ እየላከች፣ «ቶሎ በል፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ትለዋለች። ዶክተሩ ሸሚዙን ገለጥ አድርገው ሆዱን ጫን ጫን ያደርጉና ጥያቄውን ለእሷ ያቀርባሉ። በልቷል? በልቷል። አስቀምጦታል? ኧረ የለም። እንቅልፍስ? ይተኛል። ልጁ በመካከላቸው ሸሚዙን እንደያዘ ይቆማል። «አይዞን፣ ምንም የለበትም። ውሃ በደንብ ይጠጣ» ይላሉ ዶክተሩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እሷም ቀለል ብሏት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ምንም የለበትም ከመባል የበለጠ እናትን ምን ያስደስታታል?

ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ልጁ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

የተወው ወረቀት የለም። የተጣላው ሰው አልተገኘም። ለጠየቀ ሁሉ «በድንገት ነው» ተባለ፤ ሰፈሩም እያወቀ «በድንገት ነው አሉ» ብሎ ከንፈሩን መጥጦ ተቀበለ። ባሏ ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልወጣውም፤ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ያቺን የልጁን ክፍል በር ሳያይ ያልፋል። እሷ ከወር በኋላ ወደ መስኮቷ ተመለሰች። ቁጥር አልጠፋትም፤ ሳቋ ነው የጠፋው። ዶክተሩ በመጀመሪያው ቀን ካርድ ክፍሏ ድረስ መጥተው ሁለት እጇን ያዙ፣ «አይዞሽ እህቴ» አሉ፣ ሌላ ነገር ሊጨምሩ አፋቸውን ከፍተው ተዉት።

ስድስት ዓመት አለፈ። በእነዚህ ስድስት ዓመታት ውስጥ አንድ ጥያቄ ከውስጧ ወጥቶላት አያውቅም፤ ለሰው የተናገረው ነገር ነበር ወይ? ጓደኞቹን አንድ በአንድ ጠይቃለች። አስተማሪውን ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ ጠይቃለች። እህቱን በስልክ ጠይቃ አስለቅሳታለች። አንድ ቃል፣ ግማሽ ቃል፣ በቀልድም ቢሆን ያለው ነገር ካለ ማወቅ ነበር የምትፈልገው። ያልጠየቀችው ዶክተሩን ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ራሷም በቅጡ አታውቀውም። ምናልባት መልስ ይኖራቸዋል ብላ የምትፈራው እሳቸውን ብቻ ስለሆነ ይሆናል።

እንዲህ እያለች ነው የሥልጠናው ደብዳቤ የመጣው። በከተማው ያለችው የልጆች አእምሮ ሐኪም አንዲት ብቻ ናት፤ እሷን ለማግኘት ደግሞ ስምንት ወር መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሕፃናት ሐኪሞች ራሳቸው፣ በየጤና ጣቢያቸው፣ ጉሮሮና ሆድ እንደሚያዩት ሁሉ የልጆችን ጭንቀትና የልብ ስብራትም ማየት ይማሩ ተባለ። ሥልጠናው በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ በዚያው ጤና ጣቢያ የስብሰባ ክፍል ነው፤ ከአካባቢው ስድስት ሐኪሞች ይመጣሉ።

ዶክተር አይዞን ደብዳቤውን ይዘው መስኮቷ ጋ መጡ። «ሰማሽ ጉዴን? ሠላሳ ዓመት ልጅ ሳይ ኖሬ፣ ጡረታ ልወጣ ስል 'ከፍቶሃል ወይ ብለህ ጠይቅ' ልባል ነው። ስልሳ ልጅ ኮሪደር ላይ አስቀምጬ!»

«ይማሩ እንጂ፣ ምን ይጎዳዎታል» አለች፤ ይህን ስትል መዝገቡን እንጂ እሳቸውን አላየችም።

አሠልጣኟ ያቺው አንዲቱ የልጆች አእምሮ ሐኪም ናት፤ ቀጭን፣ ወጣት፣ ድምፀ ዝቅተኛ። ሲስተሮቹ በሁለተኛው ቀን «ዝምታ» የሚል ስም አወጡላት። ጥያቄ ትጠይቅና ዝም ትላለች፤ መልስ እስክታገኝ ፊትህን እያየች ትጠብቃለች። «እሷ ፊት የተቀመጠ ሰው የሠራውን ቀርቶ ያልሠራውን ይናዘዛል» ይላል ዘበኛው፤ አንድ ቀን የመኪና ማቆሚያ ብትጠይቀው ስለ ሚስቱ ነግሯት ነው የተመለሰው።

በመጀመሪያው ሐሙስ ዝምታ ለሐኪሞቹ የቤት ሥራ ሰጠች። እያንዳንዳቸው አሥር አሥር አሮጌ ካርድ እንዲያመጡ ነው። ዕድሜው ከስድስት በላይ የሆነ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ሆዴን ወይም ራሴን ብሎ የመጣ፣ ተመርምሮም ምንም ያልተገኘበት ልጅ ካርድ። ሌሎቹ ሐኪሞች ሳምንት ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጡ ከረሙ። ዶክተር አይዞን ግን መስኮቷ ጋ ቆመው ነገሩን አንብበውላት ሄዱ።

እሷም መሰላሉን ወጣች። መዝገብ አላየችም። ሦስት ሺህ ስልሳ ስምንት፣ ያቺ ፈተና በመጣ ቁጥር ራሷን የሚያማት። አምስት ሺህ አንድ፣ ያ አባቱ ከሞተ ወዲህ የሚያስመልሰው። እየወጣች እየወረደች፣ እያስነጠሰች፣ በአንድ ከሰዓት አሥራ ስድስት ካርድ ደረደረች። ከዚያ ክምሩን አየችው። አሁን ገና ነው የገባት፤ በእጇ የያዘችው የማንን ብጤዎች እንደሆነ። መሰላሉ ላይ ተቀመጠች። በስተግራ፣ ከወገብ ዝቅ ብሎ ካለው መደርደሪያ፣ ቁጥሩን ለመጥራት የማትደፍረውን የልጇን ካርድ ሳበች። ስስ ናት። በሕፃንነቱ የተከተበው አለ፣ አንድ ጊዜ እጁ ወለም ብሎት የታሰረው አለ፣ ከዚያ በዚያ ዓመት ሁለት መስመር፤ ሁለቱንም የጻፉት ዶክተሩ ለእረፍት ሲወጡ የተኳቸው፣ ወጉን የማያውቁ እንግዳ ሐኪም ነበሩ። መልሳ ቦታዋ አስገባቻት።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ኮሪደሩ ላይ ጉድ ፈላ። ዶክተር አይዞን የተማሩትን ሊሞክሩ ሲሉ በሁለት ደቂቃ ይወጣ የነበረው ልጅ ሩብ ሰዓት ይቆያል። እናቶቹ ደግሞ «ትንሽ ደጅ ይጠብቁን» ሲባሉ ዓይናቸው ይፈጣል። ስሞታው ሁሉ ወደ ካርድ ክፍሏ መስኮት ነው የሚመጣው። «ሰውዬው አረጁ እንዴ?» ትላለች አንዷ። «የወለድኩትን ልጅ ከእኔ ደብቀው ምን ሊያወሩ ነው?» ትላለች ሌላዋ። እትዬ ቁጥር «ሕጉ ነው» ብላ ትመልሳቸዋለች። ሕግ ከሆነ ደግሞ እሷን የሚከራከር የለም።

በአራተኛው ሐሙስ ካርድ ይዛ ወደ ስብሰባ ክፍሉ ስትገባ ሐኪሞቹ ልምምድ ላይ ናቸው። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ አንዱ ሐኪም ሐኪም ይሆናል፣ አንዱ ልጅ ይሆናል፣ ሌላ ሰው ደግሞ እናት። እናት የምትሆነው ሲስተር ለክትባት ተጠርታ ወጥታለች።

«እህቴ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ እናት ትሆኝልናለሽ?» አለቻት ዝምታ።

«ምን ቸገረኝ» አለች ካርዶቹን አስቀምጣ።

ልጁን የሚጫወቱት ከወዲያኛው ጤና ጣቢያ የመጡ፣ ጺማም፣ ወንበሩ የማይበቃቸው ሐኪም ናቸው። ምን እንደሚናገሩ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ተሰጥቷቸዋል። ጉልበታቸውን ገጥመው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲቀመጡ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሐኪሙ ዶክተር አይዞን ናቸው። እትዬ ቁጥር እናት ምን እንደምትሆን ታውቃለች፤ ሃያ ዓመት በመስኮት አይታለች። የልጁ ስም ሲጠየቅ እሷ መለሰች። የት እንደሚያመው ሲጠየቅ እሷ አሳየች። ጺማሙ ሐኪም አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ቀድማ ትገባለች። ተሰብሳቢው እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ዝምታ ግን እጇን አነሳች። «ዶክተር፣ እስካሁን አራት ጊዜ አይዞህ ብለውታል። ልጁ ገና ምንም አልተናገረም። ቀድመው አይዞህ ሲሉት የሚሰማው 'በቃ፣ አትንገረኝ' የሚል ነው። መጀመሪያ ይስሙት። አይዞህ አያመልጥዎትም።»

ዶክተሩ ፊታቸው ቀላ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ እትዬ ቁጥር ዞሩ። «እናት፣ አሁን ከልጁ ጋር ለብቻችን ትንሽ እናወራለን። ደጅ ይጠብቁን።»

«ምን ሲደረግ!» አለች ወገቧን ይዛ። «ልጄ ከእኔ የሚደብቀው ነገር የለም! የሚበላውን አውቃለሁ፣ የሚያስበውን አውቃለሁ፣ ምን ልትሉት ነው?»

«በጣም ጥሩ» አለች ዝምታ፣ «ልክ እንደዚህ ነው የሚሉት»። ሐኪሞቹ አጨበጨቡ።

እሷም እያጉረመረመች ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ባዶ ነበር። አግዳሚው ላይ አልተቀመጠችም። ከውስጥ የሳቁ ድምፅ ትንሽ ቆይቶ በረደ። ቀጥሎ የጺማሙ ሐኪም ድምፅ መጣ፤ ቃሉ አይለይም፣ ዝቅ ያለ፣ ቆም ቆም የሚል። አንድ ጊዜ ከጀመሩ ወዲያ አላቋረጡም። ማንም አላቋረጣቸውም። እትዬ ቁጥር እጇን የምታደርግበት ጠፋት። በዚህ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ የሆድ ሕመም፣ አንድም ቀን በር ተዘግቶ ከበሩ ውጭ ቆማ እንደማታውቅ ታያት። ሁልጊዜ ከውስጥ ነበረች። ሁልጊዜ ትመልስለት ነበር። ያዘነችው ያኔ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ካዘነችው ሌላ፣ አዲስ ሐዘን።

ሲጠሯት ገባች። ጺማሙ ሐኪም በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ በጨዋታ የጀመሩት የት እንዳደረሳቸው እሳቸውም የገባቸው አይመስልም። «ምን አለ?» አለች እትዬ ቁጥር። ዝምታ ፈገግ ብላ፣ «እሱ ልጁ ሲፈልግ የሚነግርሽ ነው» አለቻት።

ዶክተር አይዞን ግን አልሳቁም። የሚያዩት መሬቱን ነበር።

የዕለቱ ሥልጠና አልቆ ሐኪሞቹ ሲበተኑ እትዬ ቁጥር መስኮቷን ዘጋች። ያቺን ስስ ካርድ አወጣች። በጎን በር አልሄደችም፤ እንደ በሽተኛ እናት በዋናው በር አንኳኩታ ገባች። ዶክተሩ ጋውናቸውን ሳያወልቁ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ነበር።

«ዶክተር፣ አንድ ካርድ ቀርቶ ነበር።»

ተቀብለው ስሙን አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ይኼ... ሁለት ጊዜ ነው የተጻፈው። አምስት ጊዜ የመጣ ነው የተባለው» አሉ። ወዲያው ካፋቸው የወጣው ነገር አሳፈራቸው።

«ዘጠኝ ጊዜ ነው የመጣው» አለች። «ሁለቱ እንግዳው ሐኪም የጻፉት ነው። ሰባቱን እርስዎ ሳይጻፍ ነው ያዩት። ቆመው። እኔም ቆሜ። አንዱ የተማሪ ፈተና ሰሞን ነው፣ አንዱ ውሃ የጠፋ ቀን ነው፣ አንዱ እርስዎ ጉንፋን ይዞዎት የነበረ ጊዜ ነው። ሰባቱንም ልቁጠርልዎት?»

ዶክተሩ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ካርድ ያስወጣሁ ሴት ለልጄ ካርድ ላወጣለት አፈርኩ። ከሰው ጋር የማትግባባ ናት እንዳልባል። ካርዱ ቢወጣ ኖሮ እርስዎም በጠረጴዛዎ ላይ ሲከመር ያዩት ነበር። ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር።»

«አንቺ አይደለሽም» አሉ ዶክተሩ። «ደግሞም ዘጠኝ አይደለም። አሥር ነው።»

ገና አልገባትም። ጠረጴዛውን ያዘች።

«አንድ ቀን ብቻውን መጥቷል» አሉ። «በመጨረሻው ሳምንት፣ ረቡዕ ይመስለኛል፣ ከምሳ በፊት። ኮሪደሩ ጢም ብሎ ነበር። አንዲት ሕፃን በትኩሳት ራሷን ስታ እጄ ላይ ነበረች። በጎን በር ብቅ አለና 'ዶክተር፣ ለብቻዎ ላናግርዎት?' አለኝ። እኔም 'አይዞህ ጎበዝ፣ እናትህን ይዘህ ና' አልኩት። 'እሺ' አለኝ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«የት ትሆኛለሽ፣ ካርድ ክፍል ነዋ።»

ከዶክተሩ በር እስከ ካርድ ክፍሉ አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ እሷ ናት የቆጠረችው፣ ካርድ ስታመላልስ። ያን ዕለት ልጇ አሥራ አራቱን እርምጃ ወደ እሷ አልመጣም። ወይም መጥቶ፣ መሰላሉ ላይ ተቀምጦ፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ ይሆናል። ረቡዕ ምን እንዳደረገ አታስታውስም። የሰው ሁሉ ቁጥር የሚይዘው ጭንቅላቷ ያንን ረቡዕ አልያዘውም።

«ስድስት ዓመት» አለች። «በየጠዋቱ 'እንደምን አደርሽ እህቴ' ሲሉኝ ይኼን ይዘው ነው?»

«ይዤ ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም? ጓደኞቹን ስጠይቅ እያዩኝ! አስተማሪው ጋ ስሄድ ፈቃድ የፈረሙልኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ልጅ ነው፣ ሆዱን አሞት ነው የመጣው ብዬ ነበር» አሉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውሸቴን ነው። የዚያን እሁድ ወሬው ሲደርሰኝ ወዲያው ነው የታወሰኝ። ፈርቼ ነው። አንቺ ፊት ወንድምሽ ሆኜ መቅረት ፈለግሁ። ያቺ አሠልጣኝ 'ብቻቸውን አነጋግሯቸው' ባለች ቁጥር ልጁ በሩን ሲዘጋ ይታየኛል።»

እትዬ ቁጥር ልትጮህ ነበር። ንዴቷ ለሰውየው ብቻ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ግን ሰባት ጊዜ በሩ ላይ ቆማ ቶሎ በል ያለችው እሷ ናት። በክር ያልታሰረ እስክሪብቶ ከጠረጴዛው አንስታ ሰጠቻቸው።

«ይጻፉት» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። የመጣውን ሁሉ። አሥረኛውንም።»

ጻፉ። እንደ ወትሯቸው አልተቻኮሉም፤ ቀኑን በማያውቁበት ቦታ «ቀኑ በትክክል አይታወቅም» እያሉ፣ አንድ ገጽ አልበቃ ብሏቸው ሁለተኛ ወረቀት ጨመሩ። እሷ ወንበሩ ላይ፣ የእናቶቹ ወንበር ላይ፣ ተቀምጣ ጠበቀች። ጨርሰው ሲያቀብሏት አልተቀበለችም።

«የመጨረሻውን ያንብቡልኝ።»

ዶክተሩ ወረቀቱን ጠጋ አደረጉት። «ልጁ ብቻውን መጣ። ለብቻው ሊያነጋግረኝ ጠየቀ። እናትህን ይዘህ ና ብዬ መለስኩት። አልሰማሁትም።»

ከኮሪደሩ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ሲንቀጫቀጭ ተሰማ። እትዬ ቁጥር ያንን ስድስት ዓመት የጠበቀችውን መልስ አግኝታለች፤ ለሰው ሊናገር ፈልጎ ነበር። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ መጣ፤ እሱን ደግሞ የሚመልስላት ሰው በምድር ላይ የለም።

«ለብቻዎ ያለው እኔን ፈርቶ ይሆን?» አለች።

ዶክተሩ የለመዱት ቃል ከንፈራቸው ድረስ መጣ፤ ዋጡት። «አላውቅም» አሉ። «አሠልጣኟ እንደምትለው ብዙዎቹ ልጆች ከእናታቸው የሚሸሽጉት ፈርተው አይደለም። እናታቸውን እንዳያሳዝኑ ነው። እሱም አንቺን ላለማሳዘን ይሆናል። ይሆናል ነው የምልሽ እህቴ። አላውቅም።»

«ላለማሳዘን» አለች።

ቃሉን ደጋግማ ለራሷ አለችው። ከዚያ ካርዱን ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችውና፣ እሳቸው ፊት አልቅሳ የማታውቀው ሴት፣ አለቀሰች።

«ላለማሳዘን! ምነው ያኔ ባሳዘነኝ፣ ዶክተር። ምነው በየቀኑ፣ በየቀኑ ባሳዘነኝ።»